«ወረቀቱን እስክሠራ ይያዙልኝ»

ትናንት ከሰዓት... በዚህ በሮቤ ብርድ ሸሚዜን አውልቄ ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አትሳቁብኝ። ልጄ ያለጊዜዋ ተወልዳ ደረቴ ላይ ተኝታለች፤ ከላይ ጋቢ ለብሰናል። እናቷ በኦፕሬሽን ስለወለደች ገና ከአልጋ አልተነሳችም። «አስተማሪው፣ ደረትህ ከማሞቂያ አያንስም» ብላ ያስቀመጠችኝ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሏ ነርስ፣ ሲስተር ትዕግሥት ናት።

ይቺ ሴት ቁጭ ስትል አላየኋትም። ክፍሉ በሕፃናት ሞልቷል፣ እሷ ብቻዋን ናት። አንዱን በቱቦ ወተት ስትሰጥ ሌላው ያለቅሳል፣ እሱን ስታባብል የሌላው ማሽን ይጮኻል... እኔ ሳያት ብቻ ደከመኝ።

በዚህ መሀል ኦቦ ከማል ገቡ። የሪራ ሰው፣ ማር አምራች ናቸው፤ ወንድ ልጃቸው ከእኔዋ ቀድሞ ነው የገባው። ልጄን ስጪኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ አሉ። ከውጭ የሚገዛው መድኃኒት፣ የአልቤርጎው፣ የምግቡ... የማሩ ገንዘብ አልቋል። የቀረችው ላሚቱ ናት፤ እሷ ከተሸጠች ቤት ያሉት ልጆች ምን ሊጠጡ ነው? ወንድማቸው መኪና ለምኖ ውጭ እየጠበቃቸው ነው።

ጭንቅ አለኝ። ሪራ ለመድረስ የሳነቴን ተራራ መሻገር አለ። የሳነቴ ብርድ ለጎልማሳም አይራራ፣ እንኳን ያቺን ለምታክል ነፍስ።

ሲስተር ግን አልተከራከረችም። የታዘዘለትን መርፌ ጨርሷል፣ ከእንግዲህ የሚገዛ መድኃኒት የለም፣ የቀረው ሙቀትና የእናት ጡት ብቻ ነው አለቻቸው።

«ሙቀትማ ቤታችንም አለ» አሉ ኦቦ ከማል።

ከወዲያ ጥግ ማሽን ጮኸ። ሲስተር ልጃቸውን አነሳችና «እንግዲያው ወረቀቱን እስክሠራልዎ ይያዙልኝ። ሸሚዝዎን ግን ያውልቁ፣ በልብስ ላይ ከያዙት ይበርደዋል» አለች።

ኦቦ ከማል እኔን አዩ። ምን ይደረግ ብዬ ጋቢዬን ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው። እያጉረመረሙ አወለቁ። ልጁን ደረታቸው ላይ ለጥፋ በነጠላ አሰረችውና ሄደች።

ሄደች አልኳችሁ... በቃ ቀረች።

መጀመሪያ ላይ በር በሩን ያያሉ። ከዚያ ልጁ ጺማቸውን ጨበጠና እንቅልፍ ወሰደው። ሰውየው ደርቀው ቀሩ። እኔ ሳስል ሳይቀር ገላመጡኝ! ሚስታቸው ሻንጣ አዘጋጅታ አንሄድም ወይ ብላ ብትመጣ «ጨሊሲ» አሏት፣ ዝም በይ፣ ተኝቷል።

ቆይተው ቀስ ብለው «ስንት ልጅ ወልጄ ወላሂ አንዱንም እንዲህ ይዤ አላውቅም» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የእኔም ያው ነው።

ሲስተር ግንባሯ በላብ ርሶ ተመለሰች። ልጁን ብትለካው ሙቀቱ ተስተካክሏል።

«እሺ ኦቦ ከማል፣ ወረቀቱን ልሥራ?»

ኦቦ ከማል ነጠላውን ወደ ልጁ ትከሻ ሳብ አደረጉ። እኔም ከትምህርት ቤት ባልደረቦቼ የሚያመጡልኝ ምግብ ለሁላችን ይበቃል፣ አብረን እንበላለን አልኳቸው። ለካስ ይቺ ሴት ያለ ክርክር አንድ ነፍስ አትርፋ፣ አንድ ረዳትም ቀጥራለች። እንዲህ ዓይነት ብልሃት የት ይማሩታል?

ብዙም ሳይቆይ ወንድማቸው መስኮቱን አንኳኳ፤ መኪናው ሊሄድ ነው። ኦቦ ከማል ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ፣ ልጁን እንዳይቀሰቅሱት በሹክሹክታ፣ በኦሮምኛ መለሱለት።

«አንተ ሂድ። ላሟን እለባት እንጂ እንዳትሸጣት... እኔ እዚህ ተረኛ ነኝ።»