ዘይነባ ያልነበረችበት ሐሙስ

ጎባ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ዲፕሎማዬን በአዲስ ፖስታ ይዤ ነው የገባሁት። የመዝገብ ቤቱ ሹም ባላምባራስ ደምሴ ከፖስታው ሳያወጡት መለሱልኝ። «እሱን እናትሽ ዘንድ አስቀምጪው። ሥራውን ዘይነባ ታሳይሻለች።»

ዘይነባ የጨረሰችው ስምንተኛ ክፍል ነው። እኔ በማዕረግ ነው የተመረቅኩት። ገና በመጀመሪያው ቀን ቀናሁባት።

ሥራው ይኸው ነው። ማስጻፍ ያልቻለ ባለጉዳይ አቤቱታውን በቃሉ ይናገራል፤ እኛ በጽሕፈት መኪና በሦስት ቅጂ እንመታለን። ከዚያ የገቢ ማኅተም ይደረግበትና ቀኑ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ፍርድ ቤት የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

እሷ አንድ ገጽ እስክትጨርስ እኔ ሦስት እመታለሁ። ሰዉ ግን የሚሰለፈው እሷ ጠረጴዛ ፊት ነው። ከሪራ መንደር የሚመጣ ሁሉ ማር ያመጣላታል። አትቀበልም። አለመቀበሏም ያናድደኛል።

«ኦሮምኛ እኔም እችላለሁ እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን ባላምባራስን።

«ትችያለሽ። ግን ሰው ሲያወራሽ ሰዓትሽን ታያለሽ።»

አንድ ሐሙስ ዘይነባ አክስቷ ሞተውባት ዲንሾ ለቅሶ ሄደች። አዴ ፋጡማ የሚባሉ ሴትዮ መጡ። የሻሻቸው ጫፍ ላይ ወረቀት ቋጥረዋል።

«ዘይነባ የለችም?»

«የለችም። እኔ አለሁ።»

«እሷን ነው የምፈልገው። የልጄ ነገር ነው።»

«እንግዲያው ሰኞ ይምጡ።»

ቋጠሮውን ፈታ ሊያደርጉ ሲሉ ፊቴን ወደ መኪናዬ መለስኩ። እሷን የፈለገ እሷን ይጠብቅ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሰኞ ዘይነባ ወረቀቱን ዘረጋችው። ልጅቷ ከአዳሪ ትምህርት ቤት የወጣችበት መልቀቂያ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሕፃናትን አስነውሮ ታስሯል፤ የእሳቸው ልጅ አንዷ ናት። አዴ ፋጡማ ሊከሱ የመጡት ትምህርት ቤቱን ነው። ከልጃቸው በፊት ሌላ እናት ለዳይሬክተሩ ነግራው ኖሯል፤ እሱ ግን ዘበኛውን እዚያው ተወው። «ዳኛ ፊት ቆሞ ‹አውቅ ነበር› ይበል» አሉ። «ሌላ አልፈልግም።»

እንዲህ ያለ የጉዳት ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ ያግደዋል፤ ጊዜው አለፈ ይባላል። ትምህርት ቤቱ ሽማግሌ ይልክባቸው ነበር። አንዴ ከአዝመራ በኋላ፣ አንዴ ከረመዳን በኋላ። እኛ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ የሚከስ ሰው ባለጌ ነው። ሴትዮዋም ሽማግሌ እስከተቀመጠ ድረስ ቀኑ የማይቆጠር መስሏቸዋል። ሕጉ ግን ይቆጥራል።

ዘይነባ መልቀቂያው ላይ ካለው ቀን ጀምራ በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«ዓርብ አለቀ» አለች። «አዮ፣ እናቴ፣ ምነው ቀደም ብለው አልመጡም?»

«ሐሙስ መጥቼ ነበር። ይቺ ልጅ ናት ሰኞ ይምጡ ያለችኝ።»

ዘይነባ ዞራ አየችኝና አቤቱታውን መምታት ጀመረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«የሐሙስ ማኅተም አድርጊበት» አልኳት። «ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ» አለችና የሰኞን መታች።

ያን ቀን ሴትዮዋ ሐሙስ መጥተው እንደነበርና የመለስኳቸው እኔ እንደሆንኩ ጽፌ ፈረምኩ። ባላምባራስ አንብበው «ልትባረሪ ትችያለሽ» አሉኝ። «ይግባ» አልኩ።

የትምህርት ቤቱ ጠበቃ ከይርጋ ሌላ አንድ ቃል አልተከራከረም። ዳኛው የኔን ወረቀት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና «ሴትዮዋ መጥታለች። ክሱ አልመጣም» አሉ። መዝገቡ ተዘጋ። ዳይሬክተሩ ምንም ሳይጠየቅ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

አዴ ፋጡማ በር ላይ ዘይነባን አቅፈው ሳሟት። እኔን አልፈውኝ ሄዱ። የልጃቸውን ክስ ያስቀረሁባቸው እኔ ሆኜ፣ ያን ጊዜም ቀናሁባት።

እኔን አላባረሩኝም፤ በጽሑፍ አስጠነቀቁኝ። አሁን ባለጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ ወረቀቱን ተቀብዬ ቀኑን እቆጥራለሁ። ማንን እንደሚፈልግ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።