ከአራት አንዱ መካን

ክፍሉ ሦስት እርምጃ በአራት ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጥጉ ላይ የሽንት ጄሪካን፣ ጣሪያው ፀሐይ ሲመታው የሚንጣጣ ቆርቆሮ። ሞያሌ ነው፣ በኬንያ በኩል። ተማሪ አሳድመሃል ተብዬ ከማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ሸሽቼ ድንበር በተሻገርኩ በሳምንቴ የኬንያ ፖሊሶች ያዙኝ።

የተገኘብኝ አንድ ደብተርና አንድ ከረጢት የማሽላ ዘር ነው። ማሽላ ለዘር ሲዘጋጅ ከእናትና ከአባቱ የወረሰውን እንዲያቀያይር የሚያደርጉ ዘረመሎችን ነበር የማጠናው። አንዱ ስፖ አስራ አንድ ይባላል። እሱ የተበላሸበት ማሽላ ያድጋል፣ ያብባል፣ ፍሬ ግን አይዝም። ጉድለቱ የሚተላለፈው ጤነኛ በሚመስሉት ተክሎች ነው፤ ከልጆቻቸው ከአራት አንዱ ይመክናል። በከረጢቱ ውስጥ የነበረው የእነሱ ዘር፣ የስድስት ዓመት ልፋቴ ነው።

የሚመረምረኝ ሳጅን አማርኛን ከገበያ ለምዷል። ደብተሩን ገልጦ፣ "ስፖ ማነው? አስራ አንዱስ ሰዎች የት ናቸው?" አለኝ።

የዘረመል ስም ነው አልኩት። በጥፊ አጮለኝ። በየቀኑ ያንኑ ይጠይቃል፣ ያንኑ እመልሳለሁ፣ ያንኑ እቀምሳለሁ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ግራ ጆሮዬ መስማት አቆመ።

ሊለቁኝ ሲሉ ሳጅኑ ደብተሩን መለሰልኝ። ከረጢቱን ግን ጎዶማ መንደር ላለው ሻምባው፣ ለእርሻው፣ ፈለገው። ለመንኩት፤ ስድስት ዓመት እንደፈጀብኝም ነገርኩት።

"ምዋሊሙ፣ ዘሩ ምዙሪ ነው አይደል?" አለኝ፤ መምህር፣ ዘሩ ጥሩ ነው አይደል ማለቱ ነው።

ዝም ልል አምሮኝ ነበር። ያለስጋት ዘርቶት ጉድ ሲሆን በሐሳቤ እያየሁ ምራቄን ዋጥኩ። በእኛ ሙያ ግን ምንነቱ ሳይጻፍበት ዘር ከእጅ አይወጣም። እርሳስ ጠየቅኩት፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይለቃል። ከረጢቱ ላይ "ከአራት አንዱ መካን ነው" ብዬ ጻፍኩና አነበብኩለት።

ሳቀብኝ። "ስፖም ሰው አይደለም ብለኸኝ ነበር" አለ፤ ዘሩን ላስጥለው የዋሸሁ መስሎታል።

አዝመራው ሲደርስ በጭነት መኪና በጎዶማ በኩል አለፍኩ። የሳጅኑን ሻምባ አብሮኝ የተሳፈረ ሰው አሳየኝ። ፍሬ የያዘው ማሽላ አጎንብሷል፤ መካኑ በየመሃሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩና ዳር ዳሩን ቆጠርኩ። ከአራት አንዱ፣ ልክ እንደጻፍኩት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዛሬም ሰው በግራዬ ሆኖ ሲያናግረኝ መዞር አለብኝ፤ በዞርኩ ቁጥር ሳጅኑ ይታወሰኛል። ከዚያው ማሳ ዘር እየያዘ ከዘራ፣ መካኑ በየዓመቱ ብቅ ይልበታል። ይበለው። ይቅር አላልኩትም። እውነቱን ግን በእጄ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፤ አለማመኑ የራሱ ነው።