የለቅሶ ተኩስ

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በአባቴ አጎት ለቅሶ ነው። አሁንም በከተማ ለበዓል ርችት ሲተኮስና የባሩዱ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ሳልደነግጥም ሳልከፋም ዝም ብዬ ተነሥቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ቤታችን ላሊበላ አጠገብ፣ ከገነተ ማርያም ማዶ ነበር። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ከቅርብ ዘመድ አንዱ ወደ ሰማይ ይተኩስለታል፤ ሳይተኮስለት የተቀበረ ሰው እንደ ዘመደ ቢስ ይቆጠር ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁን ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሁሉም በሬዲዮ ሰምቷል፤ መሰብሰብም መተኮስም ክልክል ነው ተብሏል። አባቴ ግን ክልከላው ለሰልፍ እንጂ ለሬሳ የሚሠራ አልመሰለውም ነበርና፣ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ፣ ስለ አጎቱ ጥቂት ቃል ተናግሮ፣ ተኮሰ። ሴቶቹ ለቅሶውን እንደ አዲስ አነሡት።

በማግስቱ ሊወስዱት ከመጡት ሚሊሻዎች አንዱ አበባው ነበር፣ የጎረቤታችን የእማማ የሺ ልጅ።

«አያ ወርቁ፣ ለጥያቄ ነው፤ ማታ ይመለሳሉ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ማታ ከሆነማ ጋቢም አልይዝ» ብሎ አባቴ ወጣ። ጠመንጃውን ቢፈልጉ አጡት፤ ታላቅ ወንድሜ ሞላ ጭድ ክምር ውስጥ ደብቆት ነበር። እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

በአጨዳው ወራት እናቴ በሶ ይዛ ላሊበላ ትመላለስ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ስንቁን ተቀብለው ባዶውን ዕቃ ይመልሱላት ነበር፤ አንድ ቀን ግን በሶው እንዳለ ተመለሰ። አባቴን ሌላ ቦታ ወስደውታል፤ የት እንደሆነ የሚናገር አልነበረም። ሞላ ፍርድ ቤት መቼ እንደሚቀርብ ሄዶ ቢጠይቅ፣ «አዋጅ ነው፤ ክስም ቀጠሮም የለውም» ብለው መለሱት። እናቴ አላለቀሰችም። በሶውን ወደ ቋቱ ገልብጣ፣ ዕቃውን አጥባ ሰቀለችው።

የገና በዓል ሲደርስ ተሳላሚው በደጃችን እያለፈ ወደ ላሊበላ ይጎርፍ ነበር። ውኃ እያቀበልሁ ከነጭ ለባሾቹ መካከል የአባቴን አረማመድ እፈልግ ነበር፤ ከበዓሉ በኋላ መፈለጉን ተውሁት።

በበጋ፣ ውቂያው ላይ፣ ወጣቶች መሣሪያ ይዘው ወደ ተከዜ በረሃ መውረዳቸው ይወራ ነበር። አያ ደምሴ የሚባል ቀልደኛ ጎረቤታችን መንሹን ተደግፎ፣ «ሞላ፣ የአባትህ ጠመንጃ ጭድ መብላት ጀመረ አሉ፤ እንግዲህ ወተት መስጠቱ አይቀርም» ይለው ነበር። ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። ሞላ አይስቅም ነበር።

አባቴ የተመለሰው በግንቦት መጨረሻ ነው። ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ የታተመበት ነጭ ካናቴራ ለብሶ ነበር። እናቴ ማንበብ ስለማትችል «ምን ይላል?» አለችኝ።

«አይደገምም ይላል።»

«ምኑ?»

አባቴ ራሱ «ለቅሶው ይሆናላ» አለና ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለቆየበት ቦታ ስንጠይቀው ተነሥቶ ወደ በረት ይሄድ ነበር።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሞላ ጠመንጃውን ከክምሩ አውጥቶ ጭዱን እያራገፈ ገባ።

«አባየ፣ እኔ ነገ እወርዳለሁ፤ መርቁኝ» አለ።

እናቴ እንደቆመች ቀረች። አባቴ ቀና ብሎ አየው።

«ማንን ልትገድል?»

«እርስዎን የወሰደውን።»

«የወሰደኝ አበባው ነው።»

«እሱም ቢሆን።»

«እናቱ በአጎቴ ለቅሶ ደረቷን ስትደቃ ነው የዋለች። ልጇን ገድለህ በለቅሶው ላይ ማን ሊተኩስ ነው? አንተ?»

«ታዲያ እንዲሁ ልንቀር ነው? አገር ምን ይለናል?»

«ፈሩ ይለናል። ይበል! እዚያ ሆኜ ዱላውን አልነበረም የምፈራው፤ ይሄኔ ወርዶ ይሆናል እያልሁ አንተን ነበር። ወጥቼም ስፈራ ልኑር?»

አባቴ ጠመንጃውን ከሞላ እጅ ወስዶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቀበሌ ሄደ። አያ ደምሴ ከአጥሩ ወጥቶ አየው፤ አልቀለደም። ጠመንጃውን የተቀበለው አበባው ነበር። ሞላ ግን ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ ራት ሲቀርብም አልገባም። እናቴ ቀስ ብላ «ያለ ጠመንጃም የሚወርዱ አሉ» አለችኝ።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከተማ እኖራለሁ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ሌላ አዋጅ መጣ፤ ሌሎች አባቶች ለጥያቄ ተብለው ወጡ፤ የሌላ ሰው ወንድሞች ወረዱ፣ ከእነሱም የተመለሰ አለ፣ ያልተመለሰ አለ። በስብሰባ ላይ ሰላም ሲባል ስሰማ በጣም ትልቅ ነገር ይመስለኛል። ያኔ በቤታችን ግን የአንድ ሰው አለመሄድ ብቻ ነበር። አባቴን ያሰሩት ሰዎች ይቅርታ አልጠየቁትም፤ እሱም እስከ ዛሬ ለቅሶ ላይ ከሰው ኋላ ነው የሚቆመው።

አባቴ ጠመንጃውን ባስረከበ ማግስት ጠዋት ስነሣ የሞላ መደብ ባዶ ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ ወጣሁ። ከቤታችን በታች በሬዎቹን ጠምዶ እያረሰ ነበር። ወደ ቤት ተመልሼ እናቴን «አለ» አልኋት። ከዚያ መከስከሻውን አንሥቼ፣ እርሻው ውስጥ ገብቼ፣ ከኋላው እየተከተልሁ ፀሐይ እስክትከር ድረስ ጓል ከሰከስሁ።