የታጠበው ማኅተም

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በተሰደድንባት ከተማ ጀፕ ሰፈር ያለውን የእናቴን የጨርቅ ሱቅ ልዘጋ ስል፣ አንዲት ህንዳዊት ሴት ፌስታል ይዛ ገባች። የድሮ አከራያችን ልጅ ሚና መሆኗን ወዲያው አላወቅሁም፤ ያወቅሁት ሽታውን ነው። ፌስታሉን ስትፈታው የዛገ ብረትና የኮመጠጠ ጥቁር ስኳር ሽታ ወጣ፤ የጨርቅ ጣቃዎቹ ላይ ተቀመጥኩ።

«ባ ባለፈው ወር አረፉ» አለች። «ይህን ለዝምተኛዋ ልጅ ስጫት ብለው ነበር።»

ባ የሚና እናት ናቸው። በቋንቋቸው ባ ማለት እናት ነው፤ እኔና እናቴ ፎርድስበርግ ሰፈር በጓሮ ክፍላቸው ተከራይተን ስንኖር የግቢው ሰው ሁሉ እንዲያ ስለሚላቸው እኔም ባ አልኳቸው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛዬ ገና አልተፈታም፤ ቢፈታም ብዙ የማወራ ልጅ ስላልነበርኩ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የኋላ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብዬ ሲሠሩ አያቸዋለሁ። ብርድ ልብስ በተነባበረበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጩን ሳሪ፣ የህንድ ሴቶች የሚጠመጠሙትን ረጅም ጨርቅ፣ በስፒል ይወጥሩታል፤ አበባ የተቀረጸበትን የእንጨት ማኅተም ቀለም ነከር አድርገው ጨርቁ ላይ ያሳርፉና በመዳፋቸው ዱብ ያደርጉታል፤ ከዚያ ከአበባዋ ጎን ሌላ አበባ፣ ዱብ። ጥቁሩ ቀለም የሚሠራው አሮጌ ሚስማርና የበር ማጠፊያ ከጥቁር ስኳር ጋር ባልዲ ውስጥ ለሳምንታት ተዘፍዝፎ ስለነበር፣ እናቴ በዚያ ስታልፍ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ሴትዮዋ ደግሞ ሚስማር ይጠምቃሉ» ትለኛለች። ባ ደግሞ እኔን እያዩ፣ «ይቺ ልጅ ድምጿን አውሮፕላን ላይ ረስታ ነው የወረደችው» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ትንሿን ማኅተም፣ አባታቸው ከህንድ በመርከብ ሲመጡ ይዘዋት የመጡትን፣ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ደብተሬ ላይ እንዳትምባት፣ ስጨርስ በጨርቅ ጠርጌ በማግስቱ ወደ ሳጥኑ እንድመልሳት ነገሩኝ። ለምን እንዳመኑኝ ዛሬም አይገባኝም።

እኛ ቤት ግን የተዋሱት ዕቃ ሳይታጠብ አይመለስም፤ ሰሃንም ይሁን ወንፊት፣ እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ብላ ነው። ማኅተሟን በሙቅ ውሃና በኦሞ ዘፈዘፍኳት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት፣ እንድትደርቅም የጓሯችን ቆርቆሮ ላይ ለፀሐይ አሰጣኋት። እንዳትሰነጠቅ የሚጠብቃት፣ ለዘመናት የጠጣችው ዘይት ከአረፋው ጋር ሄደ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አበባዋ ከመሃል ተሰንጥቃ አገኘኋት። ሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ሥር ፊቷን ደፍቼ ደበቅኋት። ባ፣ «መለስሻት?» አሉኝ፤ «አዎ» አልኩ። ለእናቴም አልነገርኩም።

ከዚያ በኋላ በረንዳው ራቀኝ። የቤት ሥራ አለብኝ እላለሁ፣ አሞኛል እላለሁ። በዓመቱ ወደ ሮዘተንቪል ሰፈር ስንዛወር እናቴ ሄደሽ ተሰናበቻቸው ብላ ላከችኝ፤ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ውስጥ ሲያንጎራጉሩ እየሰማሁ፣ ሳላንኳኳ ተመልሼ ተኝተዋል አልኳት። አሥራ አምስት ዓመት ሆነ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ታክሲው በሰፈራቸው በኩል ያልፍ ነበር፤ ባለፈ ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት እወርዳለሁ እል ነበር።

ሚና በፌስታል ያመጣችውን ሳሪ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። መጀመሪያ ዓይኔ የደከመ መሰለኝ። እያንዳንዷ አበባ መሃሏ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ መስመር አለባት፤ ከዳር እስከ ዳር፣ በሁሉም ላይ።

«ማኅተሟ ተሰንጥቃ ነበር» አለች ሚና። «አዲስ እናስቀርጽ ስላቸው፣ ለዚህች ልጅ በራሷ ማኅተም ነው የምሠራላት አሉ። እናንተ በለቀቃችሁ በወሩ ጨረሱት።»

«ለምን ያኔ አልላካችሁልኝም?»

«እሷ ትመጣለች ይሉ ነበር። የእናትሽ ስልክ ስላልተቀየረ ነው አሁን እንኳ ያገኘኋችሁ።»

የኋላ በረንዳው ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል አለችኝ። ማኅተሞቹን የሚያውቅባቸው ስለሌለ አንድ ዕቃ ሻጭ በሳጥን ወስዷቸዋል። ስትሄድ እስከ ታክሲዋ ሸኘኋት፤ ልነግራት አፌን ከፍቼ፣ «በሰላም ግቢ» ብቻ አልኩ። ተቆጥተው ይጠብቁኛል ብዬ የሸሸኋቸው ሴት ለካ ስጦታ ይዘው ነበር የጠበቁኝ፤ የሚያንኳኳ ብቻ ነበር የጠፋው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ሳሪውን በማሽን ከታተሙት ጨርቆች በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ከዲፕስሉት ሰፈር የምትመጣ አንዲት ልብስ ሰፊ ደንበኛችን ጫፉን ይዛ አገላብጣ አየችው።

«ሲሲ፣ እህቴ፣ አበባው ሁሉ እኮ ተሰንጥቋል። ፋብሪካው ነው ያበላሸባችሁ?»

እናቴ ከጀርባዬ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር።

«አይደለም» አልኩ፣ በአማርኛ፣ እናቴም እንድትሰማ። ከዚያ ደንበኛዋ እንዲገባት በእንግሊዝኛ ደገምኩት። «እኔ ነኝ። የባን ማኅተም አጥቤ ልመልስ ብዬ።»

የእናቴ መቀስ ቆመ።