እንግዳ ኪራይ አይከፍልም

ለማስተርስ ጥናቱ ከኡጋንዳ የመጣውን ጓደኛዬን ይዤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሚከራይ ክፍል ስፈልግ እግሬ ቀጠነ። ክፍል ጠፍቶ አይደለም። ያንኳኳንበት ቤት ሁሉ፣ «ከሰው አገር የመጣ እንግዳማ ኪራይ አይጠየቅም፤ ዝም ብሎ ይደር» እያለ ምሳ ያቀርብልናል። እሱ ደግሞ በነፃ መኖር አይፈልግም። ጠግበን እንወጣለን፤ ቤት ግን የለንም። በደግነት ምክንያት ቤት ማጣት አለ? አንጀቴ አረረ!

በመጨረሻ በርበሬ የሚነግዱ አንዲት እናት ግቢ ገባን። እሳቸውም ገበታ አቅርበው፣ «እንዴት ብዬ ከእንግዳ ብር እቀበላለሁ፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ግቢው ሙሉ ለፀሐይ የተሰጣ በርበሬ ነበር። ጓደኛዬ ጉርሻውን ሳይውጥ ዘሎ ወጣና ከእሳቸው ጋር በርበሬውን በእቅፉ እያፈሰ ማስገባት ጀመረ።

«ኧረ አንተ ልጅ! በርበሬዬን ረገጥከው እኮ! ዓይንህ የት ነው?» ብለው ጮኹበት።

እኛ አገር እንግዳ ላይ አይጮህም። ሳቄ አመለጠኝ።

እሱ እንደበሰበሰ፣ ደንግጦ፣ «ምን አሉኝ?» አለኝ።

«ክፍሉን አከራይቼሃለሁ ነው ያሉህ» አልኩት።