ወደ ኋላ የሚቀረው ሰዓት

ፖሊሶች የወሰዱኝ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ልጄን ጠዋት ጉብሬ ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ይዘውት ነበር፤ ቡታጅራ እኔ ቤት የመጡት ኮምፒውተሩን ሊወስዱ ነው። እኔንም አብረው ጫኑኝ። የጣቢያው የሴቶች ክፍል ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ የእርጥብ ሲሚንቶና የሽንት ሽታ ነው። ውስጥ አንዲት መምህርት ብቻ ነበረች። የምትተኛበትን ካርቶን ቀደደችና ግማሹን አነጠፈችልኝ።

መርማሪው ወጣት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ መንግሥትን የሚቃወም ጽሑፍ ተገኝቷል፣ የተጻፈውም ጁምዓ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው አለኝ። በዚያ ሰዓት ልጄ መስቃን ለቅሶ ላይ ነበር፤ ከወንዶቹ ጋር ጀናዛ ተሸክሞ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህንኑ ነገርኩት።

"ማሽን አይዋሽም፣ እናቴ" አለኝ። ልጄ ቤት ሆኖ ሲጽፍ ነበር የሚል ወረቀት ላይ ነገ አሻራዬን ካደረግኩ ወደ ቤቴ እንደምሄድም ነገረኝ።

ማሽኑ እንደሚሳሳት ግን አውቃለሁ። ልጄ ሊኑክስ በሚሉት ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ፈጥሮ ነበር፤ በእጅ የማይነካ፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚለው። የሚጽፈውን ሁሉ እዚያ ያኖራል። ታዲያ ውስጠኛው ሰዓቱን የሚቀበለው ከውጪኛው ነው፤ ማቀበሉ ይቆራረጥበታል። ያንን ለማስተካከል ስንት ጊዜ ታገለ። እኔ ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር አውቃለሁና፣ የውስጠኛውን እኔ፣ የውጪኛውን እሱ እያየን እንቆጥር ነበር። እኔ ስልሳ ስል እሱ አልፎኝ ሄዷል።

"እማ፣ ተኛሽ እንዴ?" ይለኛል።

የተኛውስ ያንተ ዕቃ ነው እለዋለሁ። ውሎ ሲያድር ሰዓታት ወደ ኋላ ይቀር ነበር።

ነገ ይህን እነግራቸዋለሁ፣ ልጄም ይወጣል ብዬ ለመምህርቷ አጫወትኳት።

"እትዬ፣ ሰዓቱ ከዘገየ ጽሑፉ የተጻፈው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው ማለት ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "ያን ዕለት ማታ ልጅሽ የት ነበር?"

ቤት ነበር። ከለቅሶው አብረን ተመልሰን፣ ኮምፒውተሩን ታቅፎ።

መልሱን ለራሴ ያዝኩና ካርቶኔ ላይ ተጋደምኩ።

በማግስቱ መርማሪው ወረቀቱን አነበበልኝ። ስለ ሰዓቱ ትንፍሽ አላልኩም።

"ልጄ ለቅሶ ላይ ነበር። የማውቀው ያየሁትን ነው" አልኩ።

እጄን ሲይዘኝ አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ቀብሬ ጨበጥኩ። ሊፈለቅቀው ታገለ። ኋላ ላይ ቀለሙን ከደነና አስወጡልኝ አለ።

እኔን ጥቂት ቀን አሰንብተው ለቀቁኝ። በልጄ ላይ ግን እስር ፈረዱበት።

ዛሬ ተፈትቶ ወልቂጤ በርበሬ ይሸጣል። ሰው እውነት እሱ ነው የጻፈው ወይ ይለኛል። ያን ማታ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በቆሎ እፈለፍል ነበር። ጣቶቹ ሲሮጡ ሰምቻለሁ፤ የሚጽፈውን ግን ማንበብ አልችልም። ለዒድ ሲመጣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እኔ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።