የጠፋችው አሥራ ስምንተኛዋ ሚስማር

ሰፈሩ አፈ ሚስማር ይላታል። ምላሷ ሰው ስለሚወጋ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ የኔ ነው። እሷ ጫማ ሰሪ ናት። ስትሠራ ሚስማሮቹን ከንፈሯ መሀል ትይዝና አንድ በአንድ እየመዘዘች ትመታለች። አፏ ቀኑን ሙሉ ብረት ስለሆነ ለወሬ አይመችም። ለኔ ግን ይመቻል። እኔ አወራለሁ፣ እሷ በአፍንጫዋ "እህም" ትላለች። እንዲህ ያለ አድማጭ እድሜዬን ሙሉ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ሱቋ ከኔ በር ጎን ነው፣ አንድ አልጋ ብታስገቡበት ሰው አያስቆምም። አንድ መስኮት፣ አንድ የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የተደረደሩ የእንጨት እግሮች። ፎርማ ይባላሉ፤ ቆዳው እነሱ ላይ ተወጥሮ ነው ጫማ የሚሆነው። መጀመሪያ የገባሁ ቀን "የስንት ሰው እግር ቆርጠሽ ነው የሰቀልሽው?" ብያታለሁ። ያኔ ቀልድ ነበር።

ሃያ ዓመት ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች፣ ታኮ መምቻ ክፍል። ጠዋት ታኮ ትመታለች፣ ከሰዓት ታኮ ትመታለች፣ ወደ ቤት ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ያው ታኮ ያደረጉ ሴቶች ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ታያለች። ፋብሪካው ሲዘጋ አንድ መዶሻና አንድ ጉጠት ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ በእጇ ታኮ ተመትቶ አያውቅም። ለሴት ብቻ ትሠራለች፣ ታኮ የሌለው ብቻ። ታኮ የለውም ሲባል የአሮጊት ነጠላ ጫማ እንዳይታያችሁ። አፍንጫው ሾል ያለ፣ ተረከዙ ያዝ የሚያደርግ፣ ቆዳው እንደ ሕፃን ጆሮ የለሰለሰ፣ ቀለሙ የወይን ጠጅ፣ ወይ ሰናፍጭ፣ ወይ የርግብ አንገት። ያደረገችው ሴት መሬት ላይ ሆና ረጅም ትመስላለች። እኔም በዚህ እድሜዬ ቀይ አለኝ። ልጄ "እማዬ፣ ትንሽ እፈሪ እንጂ" ትለኛለች። የማፍርበት ጊዜ አልፏል አልኳት።

አንድ ቀን የማዶዋ አስተማሪ መጣች። ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት ታኮ ላይ ነው የኖረችው፤ መጀመሪያ ጫማዋ ይሰማል፣ ቆይታ እሷ ትደርሳለች። ስኳር ይዟት ሐኪሟ ታኮ ከልክሏታል። ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች።

"እግሬ ደንዝዟል" አለች። "ባለፈው የፈላ ውሃ ፈሶበት፣ ቀልቶ ሳየው ነው ያወቅሁት። አንዲት ቁስል ከገባችበት እስከ መቁረጥ ይደርሳል ብሎኛል ሐኪሙ። ግን ያን የሆስፒታል ጫማ አድርጌ ተማሪ ፊት አልቆምም። ሞቼ ነው።"

አፈ ሚስማር ሚስማሮቹን ከአፏ አወጣች። እሷ ለመናገር ሚስማር ካወጣች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

"ቲቸር፣ ስፌት እንኳን የማይነካዎት ጫማ እሠራልዎታለሁ።"

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቆዳውን ፎርማው ላይ ወጥራ፣ ከሥሩ በትንንሽ ሚስማር ታስይዘዋለች፤ ለአንድ እግር ዘጠኝ፣ ለሁለቱ አሥራ ስምንት። ማስቲሹ ሲይዝ ሚስማሮቹን በጉጠት ነቅላ ሶሉን ትለጥፋለች። አንዲት ሚስማር ከቀረች ሶሉ ከታች ይሸፍናታል። ፎርማው ሲወጣ ሹሏ ወደ ላይ፣ ወደ እግር ቆማ ትቀራለች። ለዚህ ብላ ያሏት ሚስማሮች አሥራ ስምንት ብቻ ናቸው፣ ከሌላ አትቀላቅላቸውም። ስትነቅል መልሳ ከንፈሯ ላይ ትሰካቸዋለች፣ በምላሷ ትቆጥራቸዋለች፣ ከዚያ ጣሳ ውስጥ። አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።

እኔ አሳሳትኳት።

የአስተማሪዋን የግራ ጫማ ሚስማር እየነቀለች ነበር። አስተማሪዋ ልትወስድ እየመጣች መሆኗን በመስኮት አየሁና፣ አፌ አላስችል አለኝ። "ትናንት ያለ ታኮ ቤቷ ስትገባ ባሏ በአናቷ ላይ አሻግሮ እያየ፣ 'እትዬ፣ ባለቤቴ ገና ከሥራ አልገባችም' አላት አሉ" አልኳት። አላሉም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ያቺ ዝምተኛ ፈንድታ ሳቀች። ሚስማሩ ከአፏ እንደ ጥሬ ተበተነ። ተንበርክካ ስትለቃቅም አስተማሪዋ በር ላይ ደረሰች። ነገ ፈተና ስለሚጀመር ሳትይዝ እንደማትሄድ ነገረችን። አፈ ሚስማር በሐፍረት ደም መስላ ሚስማሩን ሳትቆጥር ጣሳው ውስጥ ጨመረች፣ ሶሉን ለጠፈች። ፎርማውን ስታወጣ የግራው እንቢ ብሎ ታግሏት ነበር፤ እኔ አይቻለሁ። ቀጭኑን የበግ ቆዳ ውስጡ ለበጠችና ሰጠቻት። አስተማሪዋ እንደ ኮረዳ እየተንሳፈፈች ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አፈ ሚስማር ሌላ ሥራ ልትጀምር ጣሳውን ገለበጠች። እኔ የሰው ፍቺ እያወራሁ ነበር። በአፍንጫዋ ማድመጧ ቆመ። ቀና ስል ፊቷ አመድ ሆኗል።

"እማማ፣ አሥራ ሰባት ናቸው።"

"ደግመሽ ቁጠሪ።"

አምስት ጊዜ ቆጠረች። ወለሉን ጠረግን። በማግኔት የስፌት መኪናውን ሥር፣ የበሩን ስንጥቅ፣ የኔን ቀሚስ ጫፍ ሳይቀር አሰስን። የለችም። ቁጭ አለችና ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

"ስስቅ ውጬያት ይሆን?" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ውጬያት በሆነ። እማማ፣ እኔ ሆድ ውስጥ በሆነች።"

ሰው ሚስማር ሆዴ ይግባ ብሎ ሲለምን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ብድግ ብላ ወደ አስተማሪዋ ትምህርት ቤት ስትሮጥ ተከተልኳት።

ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለ። እሷ ትሮጣለች፣ እኔ ከኋላ እየተንጠባጠብኩ፣ በልቤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ እላለሁ። የኔን አይደለም የምቆጥረው። የአስተማሪዋን ነው። ሦስት ቀን ስንት እርምጃ ነው?

በሩ ላይ ዘበኛው ከለከለን። "ፈተና ነው። ማንም አይገባም።"

"ልጄ፣ የሰው እግር ነው" አልኩት።

"እማማ፣ የማንም እግር አይገባም ተብያለሁ።"

ታዲያ ራሴን አዞረኝ ብዬ እደጁ ላይ ተዘረርኩ። ምስኪን፣ ውሃ ሊያመጣ ሲሮጥ አፈ ሚስማር ገባች። እኔም ተነስቼ ተከተልኳት፤ ውሃውን ቆሜ አልጠበቅሁም።

በኮሪደሩ መስኮት አየናት። ተማሪው አቀርቅሯል። እሷ በዴስኮቹ መሀል እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትመላለሳለች፣ ቀስ ብላ፣ ኮርታ። ታኮ ስለሌለው ድምፅ የለውም። የወይን ጠጁ ጫማ ያርፋል፣ ይነሳል፣ ያርፋል። የግራው ባረፈ ቁጥር አፈ ሚስማር ክንዴን ትጨመድደዋለች፤ ምልክቱ ሳምንት ቆይቷል።

በሩን ከፍታ ገባች።

"ቲቸር፣ እንዳይራመዱ።"

ክፍሉ ሁሉ ቀና አለ። "ምን ሆነሻል? ፈተና ላይ ነኝ እኮ።"

"ባሉበት ይቁሙ። የግራውን አያሳርፉት። እግርዎን ይስጡኝ።"

ተንበረከከች። አስተማሪዋ ዴስክ ተደግፋ፣ ግራ ገብቷት ትስቃለች። "ጫማው ምን ሆነ? ደመና ላይ የምሄድ ነው የሚመስለኝ። አንድም ነገር አልተሰማኝ።"

ጫማው ወለቀ። ስቶኪንጓ ከእግሯ ጋር ተጣብቋል፣ መሀሉ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ቡናማ የደም እድፍ፣ ዳሩ ገና እርጥብ። አፈ ሚስማር እጇን ጫማው ውስጥ ሰደደችና አወጣችው። ጣቷ ጫፍ ላይ ደም ነበር፣ አዲስ ደም፣ የራሷ።

አስተማሪዋ እግሯን አየች፣ የሷን ጣት አየች። "የኔ ነው?" አለች። "አላመመኝም እኮ።" እንደ መልካም ወሬ ነው የጀመረችው። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ምን ማለት እንደሆነ ገባት።

ጤና ጣቢያ ነርሷ አጠበችው፣ በቀጭን ብረት ጥልቀቱን ለካችው፣ የብረቱን መግባት እኔ አላየሁም፣ ዞሬ ግድግዳ አየሁ። "ሦስት ቀን ቆይቷል" አለች ነርሷ። "በየቀኑ ትመጫለሽ። ካበጠ ወይ ከጠቆረ ሆስፒታል እንልክሻለን። እዚያ የሚወስኑትን እኔ አላውቅም።"

አፈ ሚስማር ሱቋን ዘጋች። በየጠዋቱ አስተማሪዋን ደግፋ ትወስዳለች፣ ፋሻው ሲፈታ አጎንብሳ ታሸታለች። ሽታው ከተለወጠ ክፉ ነው ብለዋት ነው። እኔም እሄዳለሁ፤ ቤት ብቀመጥ የሱቋ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የእንጨት እግሮች ፊቴ ይመጣሉ። በዘጠነኛው ቀን ዙሪያው አበጠ። ነርሷ መድኃኒት ቀየረችና፣ "ሁለት ቀን እንየው፤ ካልጎደለ ሆስፒታል ነው" አለች። 

ያን ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጠን የመድኃኒት ተራ ስንጠብቅ አስተማሪዋ ጠየቀች። "አንቺ ጥንቁቅ ሴት ነሽ። እንዴት ረሳሽው?"

"መቁጠር ሰነፍኩ" አለች አፈ ሚስማር። መሬት መሬት ታያለች። እኔን አላየችኝም፣ በዓይኗ እንኳን አልጠቆመችኝም።

እድሜዬን ሙሉ የሰው ምሥጢር ሳወጣ ኖሬያለሁ፣ የራሴን ግን አውጥቼ አላውቅም። እግሯ ቢቆረጥስ? ሰፈሩ ምን ይለኛል? ፈራሁ። ከፈራሁ በኋላ ደግሞ ያቺ አጠገቤ ያለችው ሴት ብቻዋን ስትሸከም ማየት ከዚያ ባሰብኝ።

"እኔ ነኝ ያሳቅኋት" አልኩ። "በአንቺ ነው የሳቅነው። ሚስማሩ የተበተነው ያኔ ነው።"

አስተማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። "እማማ" አለች፣ "ዛሬ አጠገቤ አይቀመጡ።" ተነስቼ በር ላይ ቆምኩ። ትክክል ናት። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ቀን በር ላይ ቆሜያለሁ።

እብጠቱ በመድኃኒት ቀስ እያለ ጎደለ። በሃያ ሦስተኛው ቀን ነርሷ ፋሻውን ፈትታ፣ በጣቷ ጫን አድርጋ፣ "ዘግቷል" አለች። "እግርሽ ተርፏል። ግን ያው ደንዛዛ ነው። በየማታው እያገላበጥሽ እዪው።" አስተማሪዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አፈ ሚስማር አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። "ሌላ ሰው አይቶት ያረጋግጥ" አለች። ነርሷ ደግማ አየችላት።

ወጣን። አስተማሪዋ አላደርግም ያለችውን ሰፊውን የሆስፒታል ጫማ አድርጋ፣ ግቢው ውስጥ ቀስ ብላ ትራመዳለች። አፈ ሚስማር አልደገፈቻትም። ሦስት እርምጃ ቀድማት፣ አንገቷን ደፍታ፣ ጠጠሩን፣ ስንጥሩን፣ የጠርሙስ ቆርኪውን በእግሯ ወዲያ ወዲያ እየጠረገች ትሄዳለች። ታክሲው ጋ እስኪደርሱ ቀና አላለችም። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ የሳተችው ካለ ብዬ መሬቱን እያየሁ ተከተልኳቸው።